የወተት ላምን ዘር ከአገሩ አየር ጋራ ስለ ማስማማት

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



ለገበሬ ከእንስሳት ሁሉ እንደ ላም ያለ ባለውለታ የለውም። ላም ሕፃኑን በወተትዋ ታሳድጋለች፤ የቤቱን እመቤት በቅቤዋ ታስከብራለች፤ ለአራሹ በሬ ትወልድለታለች፤ እበትዋ እንኳ ለምድጃ ኩበት፥ ለማሳ ፍግ ይሆናል። ዳሩ ግን በብዙ መንደር የሚታየው ነገር የሚያሳዝን ነው። በበረቱ አምስትና ስድስት ላም ቆሞ ሳለ በቤቱ ውስጥ ለሕፃን የሚሆን አንድ ኩባያ ወተት ይታጣል።

ይህን ያየ ሰው ከሁለት አሳብ ወደ አንዱ ያዘነብላል። አንዱ ወገን፥ «የአገሩ ላም አትረባም፤ ከባሕር ማዶ ወተታም ላም ይምጣ» ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ «አባቶች ያረቡት ዘር ይበቃል፤ የባዕድ ደም አይግባበት» ይላል። ሁለቱም ከእውነት የየድርሻቸውን ይዘዋል፤ ነገር ግን አንዱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ይጎዳል። በሙቀት፥ በመዥገርና በመኖ እጥረት ውስጥ ወተት የምትሰጥ ላም ተሠርታ ከገበያ አትገዛም። የአገሩን ላም ጽናት ጠብቆ፥ የወተት ደም በልክ ጨምሮ፥ ወተቱን እየለኩ በጽሕፈት እየያዙ፥ በብዙ ዓመት ትዕግሥት ትሠራለች እንጂ። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት የዓመታት ቍጥሮች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ወተታሟ የኤውሮፓ ላም በሞቃት አገር ስለ ምን እንደምትደክም ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሪዝያን ወይም ሆልስታይን የምትባለው ጥቁርና ነጭ ላም ዘርዋ ከሆላንድና ከሰሜን ጀርመን ነው። ጀርሲ የምትባለው ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በባሕር ውስጥ ካለችው ከጀርሲ ደሴት የወጣች ናት። በእነዚያ አገሮች አየሩ ቀዝቃዛ፥ ሣሩም ለስላሳና ለምለም ነው። ላሞቹም በብዙ ዘመን ምርጫ ለወተት ተለይተው የተረቡ ናቸው።

ወተት መሥራት ለላሚቱ ሰውነት ከባድ ሥራ ነው። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም ብዙ መብላት አለባት፤ የበላችው ሣር በሆድዋ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይወልዳል፤ ወተቱም በሰውነትዋ ውስጥ ሲሠራ ሌላ ሙቀት ይጨመርበታል። ስለዚህ ወተታም ላም ሌሊትና ቀን በውስጥዋ እሳት እንደሚነድባት ምድጃ ትቈጠራለች። በብርድ አገር ይህ ሙቀት በቀላሉ ይወጣላታል። አየሩ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን፥ ይልቁንም ርጥበት ሲጨመርበት፥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በዚያን ጊዜ ላሚቱ ታለከልካለች፤ ጥላ ለጥላ ትዞራለች፤ መብላትም ትቀንሳለች። መብላት ስትቀንስ ወተትዋ ይጎድላል፤ ከኮርማም ብትገናኝ መፀነስ ያዳግታታል።

በዚህም ላይ መዥገር አለ። የመዥገር ክፋቱ ደም በመምጠጥ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው የደም በሽታ ያስተላልፋል። በአገሩ ተወልዶ ያደገ ከብት ይህን በሽታ ከጥጃነቱ ጀምሮ ለምዶት ይኖራል፤ ከሩቅ አገር አድጎ የመጣው ግን በመጀመሪያው ዓመት ይወድቃል።

ሦስተኛው ችግር መኖ ነው። አንዲት ሆልስታይን ላም ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ልትመዝን ትችላለች። ይህን የሚያህል ሰውነት፥ ወተቱ ቀርቶ ለመኖር ብቻ፥ ብዙ መኖ ይፈልጋል። በበጋ ወራት ገለባ ብቻ ብትመገብ ጥቂት ጊዜ የገዛ ሥጋዋን እያቀለጠች ትታለባለች፤ ከዚያም ትከሳለች፥ ጥጃም ሳትይዝ ዓመቱ ያልፍባታል። ብድር ገብቶ እንዲህ ያለችውን ላም የገዛ ድኻ ገበሬ የሚተርፈው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶች ተረት ነው።

እንግዲህ ወደ አገሩ ላም እንመለስ። ሻኛ ያለው የከብት ወገን ሊቃውንት ዜቡ የሚሉት ነው፤ የጥንት መነሻውም የሕንድ ምድር ነው። ዜቡ ለሙቀት የተፈጠረ ከብት ነው። ቆዳው ሰፊና ልል፥ ጠጕሩ አጭርና ልስልስ ነው፤ የላቡ መውጫም ከኤውሮፓ ከብት ይልቅ ብዙ ነው። ሰውነቱ በቍጠባ ስለሚሠራ በውስጡ የሚነደው ሙቀት አነስተኛ ነው። ቆዳው መዥገርን ይቃወማል፤ ሩቅ መንገድ ሄዶ ውሃ ይጠጣል፤ በደረቅ ሣርና በገለባ ነፍሱን ያቆያል።

ጕድለቱም የታወቀ ነው። የወተቱ ልክ ትንሽ፥ የሚታለብበትም ወራት አጭር ነው። ላሚቱ ጥጃዋን በአጠገብዋ ካላየች ወተትዋን ትይዛለች፤ ጥጃዋ የሞተባት እንደ ሆነም ብዙ ጊዜ ጨርሳ ትነጥፋለች። በኢትዮጵያ የአገሩ ላም በተራ አያያዝ በቀን የምትሰጠው ወተት ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ያህል ነው። ይህ የሆነው ላሚቱ የተናቀች ፍጥረት ስለ ሆነች አይደለም። ገበሬውና አርብቶ አደሩ በዘመናት ሁሉ ከርስዋ አስቀድሞ የጠየቁት ድርቅን አልፋ እንድትኖር ነው፤ ቀጥሎም የሚያርስ በሬ እንድትወልድ ነው፤ ወተቱን የጠየቁት በመጨረሻ ነው። ላሚቱም የተጠየቀችውን በቅደም ተከተል ሰጥታለች። አሁን አዲስ ጥያቄ የሚጠይቃት ሰው የቀድሞውን ስጦታዋን እንዳይጥልባት መጠንቀቅ አለበት።

ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልካም መልስ ካገኘ አገር አንዱ ጃማይካ ነው። ጃማይካ በካሪብ ባሕር ውስጥ ያለች ተራራማ ደሴት ናት። እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ መንግሥት ቅኝ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ከሕዝብዋም የሚበልጠው ክፍል ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች የተወለደ ነው። በዚያ አገር መሬቱ ሞቃትና ርጥብ ነው፤ መዥገሩም ብዙ ነው። ለሸንኮራ አገዳ ሥራ ጋሪ የሚጎትቱ የሕንድ በሬዎች ቀድሞ ገብተው ነበር፤ እነርሱም አየሩን ችለው ኖሩ። ለወተት ከኤውሮፓ የመጡት ላሞች ግን እንደ ተጠበቀው ሊሆኑ አልቻሉም።

በ1910 ዓ.ም. በኪንግስተን ከተማ አጠገብ ሆፕ በሚባለው የመንግሥት እርሻ ለወተት የሚሆን መንጋ ተቋቋመ። በዚያም ልዩ ልዩ የኤውሮፓ ከብቶችን ከሕንድ ዜቡ ጋራ ማዳቀል ተጀመረ። ከሕንድ ወገን የተመረጠው ሳሂዋል የሚባለው ዘር ነበር። ሳሂዋል የፑንጃብ አገር ከብት ነው፤ መልኩ ቀይ ዳማ፥ በዜቡ ወገን መካከል በወተቱ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው።

ይህን ሥራ ወደ ፍጻሜ ያደረሱት ሰው ቶማስ ፊሊፕ ሌኪ ይባላሉ። ሌኪ በ1904 ዓ.ም. ፖርትላንድ በሚባለው የጃማይካ ክፍል ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በአገራቸው በእርሻ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በመንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤትም ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ካናዳ ተሻግረው የከብት እርባታን ትምህርት አጠኑ፤ በመጨረሻም በስኮትላንድ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ማዕረግ አገኙ። ለማዕረጋቸው ያቀረቡት ጽሑፍ በሞቃት አገር የወተት ከብትን ዘር ስለ ማሻሻል የሚናገር ነበር።

ሌኪ ማዳቀሉን ከማሰባቸው በፊት፥ «ይህች ላም የምትሆነው ለማን ነው?» ብለው መጠየቃቸው ይመሰገናል። የጃማይካ ገበሬ የሚበዛው በተራራ ገደል ላይ ጥቂት መሬት ያለው ድኻ ነው። ለርሱ ትልቅና በላተኛ ላም ሸክም ትሆንበታለች። ስለዚህ ሌኪ ለወተቱ ወገን ጀርሲን መረጡ። የጀርሲ ላም 400 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ገደል መውጣት አይከብዳትም፤ ከበላችው መኖ ጋራ ሲመዛዘን ወተትዋ ብዙ ነው። ወተትዋም ከመቶው አምስት እጅ ያህል ቅቤ ያለበት ነው፤ የሆልስታይን ወተት ግን ብዙ ጊዜ ከአራት እጅ አይበልጥም። ጀርሲ ከሌሎቹ የኤውሮፓ ላሞች ይልቅ ሙቀትን የምትታገሥ መሆንዋም የታወቀ ነው።

ከሳሂዋል የተገኘው ደም በጣም ብዙ አልነበረም። በመጨረሻ የተገኘው ዘር ደሙ ከመቶው 80 እጅ ከጀርሲ፥ 15 እጅ ከሳሂዋል፥ 5 እጅ ከሆልስታይን ያህል ነው። የዜቡም ድርሻ የሚበዛው ከአንድ ሳሂዋል ኮርማ የወረደ ነው። ይህ ነገር ሊስተዋል ይገባዋል፤ ጽናት የሰጠው ጥቂቱ ደም ነው። ነገር ግን ጥቂቱ ደም ሥራውን የሠራው በየትውልዱ ሙቀቱንና መዥገሩን የቻሉት ብቻ እየተመረጡ ለዘር ስለ ቀሩ ነው። መልኳ ያማረውን ሳይሆን በዚያው አየር፥ በዚያው ሣር ላይ ወተት የሰጠችውን፥ ጥጃዋንም ያሳደገችውን ላም ልጅ ለዘር አስቀሩ። ሥራው ሁሉ የቆመው በመዝገብ ላይ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ይህ መንጋ ራሱን የቻለ አዲስ ዘር ተብሎ ታወቀ። ስሙም በተጀመረበት ቦታ ጃማይካ ሆፕ ተባለ፤ ሆፕ በእንግሊዝ ቋንቋ ተስፋ ማለት ነው። ጃማይካ ሆፕ በመልካም አያያዝ በአንድ የመታለቢያ ወራት 2500 ኪሎ ግራም ያህል ወተት ትሰጣለች። ይህ በኤውሮፓ ካለችው ሆልስታይን ወተት በእጅጉ ያንሳል። ዳሩ ግን ይህችኛዋ ወተቱን የምትሰጠው በመዥገርና በሙቀት መካከል፥ በተራ ሣር ላይ ሆና ነው። ሞታ ከምታስለቅስ ታላቅ ላም ይልቅ በሕይወት ኖራ ልጆችን የምታጠግብ መካከለኛ ላም ትሻላለች። ዶክተር ሌኪም በ1994 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በአገራቸው በታላቅ ክብር ኖሩ፤ ለሥጋ የሚሆን ሌላ የከብት ዘርም ለአገራቸው አተረፉ።

ከ1910 እስከ 1952 ዓ.ም. አርባ ሁለት ዓመት ነው። መንጋው ሲቋቋም የተወለደ ሕፃን ዘሩ ሲታወቅ ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ከብትን ማሻሻል የጀመረው አባት ብዙ ጊዜ ፍሬውን የሚያየው በልጁ እጅ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ትምህርት ቤትና ሽማግሌ ባሉበት ቦታ መልካም መሠረት አለው፤ ሽማግሌው ያለፈውን ያውቃል፥ ተማሪውም የሚመጣውን ያያል።

ብራዚልም በሌላ ልክ ተመሳሳይ ሥራ ሠርታለች። ጊር የሚባለውን የሕንድ ዜቡ ከሆልስታይን ጋራ አዳቅላ ጂሮላንዶ የሚባለውን ዘር አወጣች። የዚህ ዘር ልክ ከስምንት እጅ አምስቱ ሆልስታይን፥ ሦስቱ ጊር ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በመንግሥት ዘንድ በዘርነት ታወቀ። የሁለቱ አገሮች ልክ አለመመሳሰሉ ትምህርት ይሰጣል። ለሁሉ አገር የሚስማማ አንድ ቍጥር የለም፤ ልኩን የሚወስኑት አየሩ፥ መኖውና የአርቢው አቅም ናቸው።

የዘመናችን ሳይንስም ወደዚሁ ይመራል። በካሪብ ባሕር ባሉት ደሴቶች ሴኔፖል የሚባል ጠጕሩ እጅግ አጭር የሆነ ከብት አለ። በ2014 ዓ.ም. ሊቃውንት ይህ አጭር ጠጕር ከአንድ የዘር ለውጥ የሚመጣ መሆኑን ገለጡ። ይህ ጠባይ በፖርቶ ሪኮና በፍሎሪዳ ወደ ሆልስታይን ላሞች ገብቷል፤ እንዲህ ያሉትም ላሞች በሙቀት ወራት ሰውነታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ይቀዘቅዛል፥ ወተታቸውም እንደ ሌሎቹ ብዙ አይቀንስም። ከሌላ ዘር የሚያስፈልገውን ብቻ ለይቶ መውሰድ እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው።

አሁን ስለ ድቅል ልክ ጥቂት ሒሳብ ማወቅ ይገባል፤ አስተማሪውም ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ለተማሪዎቹ ቢያሳይ የክፍልፋይን ትምህርት በሕያው ነገር ያስተምራል። የአገሩ ላም ከፍሪዝያን ኮርማ ስትወልድ ጥጃዋ እኩሌታው የአገሩ፥ እኩሌታው የፍሪዝያን ይሆናል። ይህች የመጀመሪያ ድቅል ከሁለቱ ወላጆችዋ መካከለኛ ልክ ይልቅ የበረታች ናት፤ ይህም የድቅል ብርታት ይባላል። ድቅሎቹ እርስ በርሳቸው ቢዋለዱ ግን የዚህ ብርታት እኩሌታው በሚቀጥለው ትውልድ ይጠፋል፤ ጥጆቹም አንዱ ወደ አያቱ፥ ሌላው ወደ ቅድመ አያቱ እየሳበ ይለያያሉ። አባቶች «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት በዚህ ይፈጸማል።

ድቅሊቱ እንደ ገና ከፍሪዝያን ኮርማ ብትወልድ ጥጃዋ ከአራት እጅ ሦስቱ የፍሪዝያን ይሆናል፤ የርስዋ ልጅ ደግሞ ከፍሪዝያን ብትወልድ ከስምንት እጅ ሰባቱ ይሆናል። በየደረጃው የወተት ተስፋ ይጨምራል፤ የመኖው፥ የጥላው፥ የመድኃኒቱና የጥበቃው ግዴታም አብሮ ይጨምራል። በደጋ፥ በቂ መኖና የከብት ሐኪም ባለበት ቦታ፥ አርቢው ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። በቆላና መኖ በጠፋበት ቦታ ግን ከእኩሌታ ማለፍ ብዙ ጊዜ ጥጃን ለሞት ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ «ምን ያህል ወተት ትሰጥ ይሆን?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «በመጋቢት ወር ምን አበላታለሁ?» የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት።

በኢትዮጵያም ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የአርሲን ላም ከፍሪዝያን ጋራ እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬዎች አከፋፍሏል። በሆለታም የእርሻ ምርመራ ጣቢያ የቦረና ከብት ከፍሪዝያንና ከጀርሲ ጋራ ተዳቅሏል። ከእነዚህ ሥራዎች የታየው ነገር ድቅሊቱ በደጋ አየር በመልካም አያያዝ ከአገሩ ላም ብዙ እጥፍ ወተት እንደምትሰጥ ነው፤ አያያዙ ሲጓደል ግን ብልጫው እንደሚጠፋ ነው።

ዳሩ ግን ለማዳቀል እናት ያስፈልጋል። የእናቲቱ ዘር ከጠፋ በኋላ ድቅል ከየት ይገኛል? ኢትዮጵያ በዚህ ባለጠጋ ናት። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የፎገራ ከብት አለ፤ ረግረግን የለመደ፥ ወተቱም የሚመሰገን ነው። በሰሜን ምዕራብ ቆላ በጋይት አለ፤ ቁመቱ ረዥም፥ በወተቱም የታወቀ ነው። በደቡብ ደረቅ አገር የቦረና ከብት አለ፤ ይህ ዘር ወደ ኬንያ ተሻግሮ በዚያ ባሉት አርቢዎች ምርጫ ስሙ በዓለም ተሰምቷል። በወለጋ የሆሮ ከብት አለ። በደቡብ ምዕራብ ደን አገር ደግሞ ሸኮ የሚባል ከብት አለ፤ ይህ ከብት በቆላ ዝንብ የሚመጣውን ገንዲ የሚባለውን በሽታ ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማል።

ከእነዚህ መካከል ሸኮና ፎገራ ከአጠገባቸው ካለው ከብት ጋራ ያለ ልክ እየተቀላቀሉ ንጹሑ ዘር እየተመናመነ ነው። ይህ ጕዳት በጩኸት አይመጣም። አንድ ኮርማ ይሸጣል፤ በፈንታው ከገበያ ሌላ ኮርማ ይገዛል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የቀድሞውን መልክ የሚያውቁ ሽማግሎች ብቻ ይቀራሉ። ገንዲን የቻለው ደም ከጠፋ በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው አገር የሚኖር ሕዝብ ድቅል ቢፈልግ እንኳ ከንጹሑ ዘር የተመረጡ ላሞችና ኮርሞች ለብቻቸው ተጠብቀው እንዲቆዩ በሽማግሎች ምክር ቢስማማ ለልጆቹ ርስት ያቆያል።

አሁን ስለ ኮርማ የሚነገር አለ። አንዲት ላም በዓመት የምትወልደው አንድ ጥጃ ነው፤ አንድ ኮርማ ግን በመንደሩ ለብዙ ጥጆች አባት ይሆናል። ስለዚህ ከመንጋው ደም እኩሌታው የሚመጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ኮርማ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ ያማረውና የበረታው ወይፈን ተመርጦ ለቀንበር ይኮላሻል፤ ከሲታውና አጭሩ ሳይኮላሽ ከመንጋው ጋራ ይውላል፥ ለጥጆቹም አባት ይሆናል። እንዲህ ያለው ልማድ በየትውልዱ መንጋውን ወደ ኋላ ይመልሳል። መልካሙን ዘር በልቶ ግርዱን ከሚዘራ ገበሬ በምን ይለያል?

እንግዲህ ኮርማ በምን ይመረጣል? ኮርማ ወተት የለውም፤ ሻኛውና ቀንዱም ስለ ወተት አይናገሩም። የኮርማ ወተት የሚታየው በእናቱና በእኅቶቹ፥ ከሁሉም ይልቅ በሴቶች ልጆቹ ነው። ስለዚህ ከተመሰከረላት ላም የተወለደውን ወይፈን ከመኮላሸት ማዳን የመጀመሪያው ሥራ ነው። ኮርማውም የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ሴቶች ልጆቹ ለኮርማ ከመድረሳቸው በፊት ከሌላ መንደር ኮርማ ጋራ ቢለዋወጡት ይገባል፤ የቅርብ ዘመዳሞች ሲዋለዱ ጥጃው ይደክማልና። ይህን ልውውጥ ለማስማማት ከሽማግሎች የሚሻል ሰው የለም፤ የሁለቱን መንደር ሰዎች የሚያስታርቁና ቃል የሚያጋቡ እነርሱ ናቸውና።

«የተመሰከረላት ላም» ሲባል ምስክሩ ማን ነው? ብዙ ሰው የላምን መልካምነት በወለደች ሰሞን በሚያየው ወተት ይፈርዳል። ይህ ፍርድ እንዴት እንደሚያሳስት በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት ላሞች አሉ እንበል፤ አንዲቱ ቡሬ፥ ሁለተኛዪቱ ዳለቻ ይባሉ። ቡሬ ከወለደች በኋላ ሁለት ወር በቀን 4 ሊትር ትሰጣለች፤ ቀጥሎ ሁለት ወር 2 ሊትር ትሰጥና ትነጥፋለች። ዳለቻ አራት ወር በቀን 2 ሊትር ተኩል፥ ቀጥሎም አራት ወር 2 ሊትር ትሰጣለች። መንደሩ የሚያመሰግነው ቡሬን ነው። ሒሳቡ ግን ቡሬ 240 እና 120፥ በድምሩ 360 ሊትር መስጠትዋን ያሳያል፤ ዳለቻ ግን 300 እና 240፥ በድምሩ 540 ሊትር ሰጥታለች።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ቡሬ በየሁለት ዓመቱ፥ ዳለቻ በየአሥራ አምስት ወሩ የሚወልዱ ቢሆን፥ በአሥር ዓመት ውስጥ ቡሬ 5 ጊዜ፥ ዳለቻ 8 ጊዜ ይወልዳሉ። የቡሬ ወተት በጠቅላላው 1800 ሊትር፥ የዳለቻ ግን 4320 ሊትር ይሆናል። ሦስት ጥጃም ብልጫ አላት። የቡሬን ልጅ ለኮርማ ያስቀረ፥ የዳለቻን ልጅ ያኮላሸ መንደር ሳያውቅ ሀብቱን በእጁ ጥሏል። ይህን ስሕተት ዓይን አያይም፥ ትዝታም አይይዘውም፤ የሚይዘው ጽሕፈት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመንደር ትምህርት ቤት ሥራ ይመጣል። በመንደር ውስጥ ወረቀትና እርሳስ፥ ማንበብና መደመር የሚገኘው በትምህርት ቤቱ ነው። አስተማሪው አንድ ደብተር ለከብት መዝገብ ይለይ። ለእያንዳንድዋ ላም አንድ ገጽ ይሰጣት፤ በገጹም ላይ ስምዋና መልክዋ፥ እናትዋና አባትዋ፥ የተወለደችበት ቀን፥ የወለደችበት ቀን፥ የጥጃው ጾታና ዕድል፥ ያገኛት በሽታም ይጻፍ። ወተቱን ለመለካት የአንድ ሊትር ምልክት የተደረገበት አንድ ዕቃ ይበቃል። በየቀኑ መለካት ባይቻል በወር አንድ ቀን የጧቱና የማታው ይለካ፤ ድምሩ በ30 ሲባዛ የወሩ ወተት በግምት ይገኛል። ጥጃው የሚጠባው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስለማይገባ፥ ለጥጃ የሚተወው ጡት ለሁሉም ላሞች አንድ ልክ ይሁን።

ይህን መዝገብ የሚጽፉት ተማሪዎች ራሳቸው ቢሆኑ ሁለት ጥቅም ይገኛል። ተማሪው ማባዛትንና መደመርን በገዛ ቤቱ ላም ይማራል፤ አባቱም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከበትን ዋጋ በበረቱ ያየዋል። ሰው የሚያፍርበት ወይም የሚፈራው ነገር እንዳይኖር መዝገቡ ከግብር ጋራ ግንኙነት የሌለው መሆኑን ሽማግሎች አስቀድመው ለመንደሩ ሰው ማስረዳት አለባቸው። ያለ እምነት የተጻፈ ቍጥር እውነት አይሆንም፤ እውነት ያልሆነ ቍጥርም ከአለመጻፍ ይከፋል።

የማዳቀያ ዘር የሚሰጥ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወደ መንደሩ የመጣ እንደ ሆነም መዝገቡ ይጠቅማል። ሠራተኛው ደብተሩን አይቶ የትኛዪቱ ላም የድቅል እናት ልትሆን እንደምትገባ፥ የትኛዪቱም ከአገሩ ኮርማ ጋራ እንድትቀር ያውቃል። በየቤቱም የድቅሉ ልክ እኩሌታ ወይስ ሦስት አራተኛ መሆኑ ተጽፎ ካልተገኘ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማንኛዪቱ ደም ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የአገሩን ላም አለመናቅ፤ የባዕዱን ደም በመኖው ልክ ማስገባት፤ መልካሙን ወይፈን ለዘር ማስቀረት፤ ንጹሑን የአገር ዘር ለይቶ መጠበቅ፤ ይህንም ሁሉ በጽሕፈት መያዝ። ጃማይካ ትንሽ ደሴት ናት፤ በጀመረችበት ጊዜ የገዛ ራስዋ መንግሥት እንኳ አልነበራትም። ይሁን እንጂ አርባ ሁለት ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብና ምርጫ ለድኻ ገበሬዎችዋ የምትስማማ ላም አስገኘላት።

ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ፊት የምትቆም ናት። በረቱ ሙሉ ነው፤ የጎደለው መለካትና መምረጥ ነው። ይህን የሚጀምር መንደር ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። አንድ ደብተር፥ አንድ መለኪያ፥ አንድ ከመኮላሸት የዳነ ወይፈን ይበቃዋል። አስተማሪው ጽፎ ያስጀምር፤ ሽማግሌው መክሮ ያስቀጥል፤ ዛሬ ፊደል የሚቈጥረው ልጅ ጎልማሳ በሚሆንበት ጊዜ የዚህን ደብተር ፍሬ በገዛ ልጁ ኩባያ ያገኘዋል።